ተራራውንና ንቧን ለማንሳት የትኛው ሌንስ ይቅደም?

ጥያቄ፦ «በደብረ ብርሃን ከተማ የሥነ ሕይወት መምህር ነኝ። ካኖን 2000ዲ ካሜራ ከነ18-55 ሌንሱ አለኝ። ሁለት ዓይነት ፎቶ ማንሳት እፈልጋለሁ። አንደኛው በአንኮበርና በጠርማ በር በኩል ያለው ገደልና ተራራ ነው፤ ሁለተኛው ለተማሪዎቼ የማሳያቸው አበባ፣ ንብና ጉንዳን ነው። ያጠራቀምሁት ገንዘብ ግን አንድ ያገለገለ ሌንስ እንጂ ሁለት አይገዛም። አንድ ጓደኛዬ ሰፊ ሌንስ ይቅደም ይላል። አንድ ነጋዴ ደግሞ በሌንሴ አፍ ላይ የሚጠመድ፣ ሰፊም ማክሮም ያደርጋል ያለኝን መስታወት በትንሽ ገንዘብ ሊሸጥልኝ ይፈልጋል። ምን ይመክሩኛል?»

መልስ፦

የተከበሩ መምህር፤

መልሱን ላስቀድም። ገንዘብዎ ለአንድ ያገለገለ ሌንስ ብቻ የሚበቃ ከሆነ የማክሮውን፣ ማለትም ትንሹን ነገር በቅርብ አጉልቶ የሚያነሳውን፣ ይግዙ። ከማክሮዎቹም ለእርስዎ ካሜራ የምመርጠው የካኖን ኢኤፍ-ኤስ 60 ሚሊ ሜትር ኤፍ 2.8 ማክሮን ነው። ሰፊው ሌንስ ይቆይ። የነጋዴው መስታወት ግን በነጻ ቢሰጥዎት እንኳ ካሜራዎ ላይ ባይታሰር ደስ ይለኛል። ይህን የምለው ተራራው ከንቧ ያነሰ ትኩረት ይገባዋል ብዬ አይደለም። የማክሮ ሌንስ ሩቅ ያለውን ተራራም አጥርቶ ያነሳል፤ ሰፊ ሌንስ ግን የቱንም ያህል ቢቀርብ ንቧን ፎቶውን እስክትሞላ አያጎላትም። በዚያ ላይ ለመልክዓ ምድር የሚሆን ሌንስ አሁንም በእጅዎ አለ፤ የሌለዎት የማክሮው ነው።

በእጅዎ ያለው 18-55 ምን ያህል እንደሚያጎላ ቤትዎ ውስጥ በአንድ የተማሪ ማስመሪያ ማወቅ ይችላሉ። ማስመሪያውን ጠረጴዛ ላይ አጋድመው ሌንሱን ወደ 55 ያዙሩት፤ ከኤኤፍ (ከአውቶማቲክ ፎከስ) ወደ ኤምኤፍ (በእጅ ወደሚደረገው ፎከስ) ይቀይሩና የፎከስ ቀለበቱን እስከ መጨረሻው ወደ ቅርብ ያምጡት። ከዚያ ካሜራውን ቀስ እያሉ ወደ ማስመሪያው ያስጠጉ፤ የሚሊ ሜትር መስመሮቹ ጥርት ሲሉ ያንሱ። ፎቶው ከግራ ጠርዝ እስከ ቀኝ ጠርዝ ስንት ሚሊ ሜትር እንደያዘ ይቁጠሩ። የካሜራዎ ሴንሰር፣ ማለትም ምስሉ የሚያርፍበት ሰሌዳ፣ ስፋቱ 22.3 ሚሊ ሜትር ነው፤ ይህን ቁጥር ለቆጠሩት ርዝመት ሲያካፍሉት የሌንሱ የማጉላት አቅም ይወጣል። ሌንስዎ አይኤስ 2 የሚባለው ከሆነ ወደ 65 ሚሊ ሜትር ገደማ ይቆጥራሉ፤ ይህም 0.34 ማለት ነው። በዚህ አቅም አንድ ሙሉ የአደይ አበባ ከነቅጠሎቹ በሚገባ ይነሳል፤ ለዚህ ብለው ምንም መግዛት አይኖርብዎትም። 12 ሚሊ ሜትር የምትረዝም ሠራተኛ ንብ ግን ከፍሬሙ ስፋት አንድ አምስተኛውን እንኳ አትሞላም። እውነተኛ የማክሮ ሌንስ አንድ ለአንድ፣ ማለትም ነገሩን በእውነተኛ መጠኑ፣ ሲያነሳ ፍሬሙ የሚይዘው 22.3 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ ያችው ንብ ከግማሹ በላይ ትይዛለች፤ በኋላ እግሯ ላይ ጠቅልላ የተሸከመችው የአበባ ዱቄትና የደረቷ ጠጉር ተለይተው ይታያሉ። ለክፍልዎ የሚፈልጉት ይህን ከሆነ ልዩነቱን ሊሞላ የሚችለው የማጉላት አቅም ብቻ ነው።

ይህ የማስመሪያ ፈተና ገበያ ላይም ይጠቅምዎታል። በብዙ ዙም ሌንሶች አካል ላይ «ማክሮ» ተብሎ ተጽፎ ያያሉ፤ ሻጩም ጽሑፉን እያሳየ ዋጋ ይጨምርበታል። እርስዎ የሚጠይቁት ቁጥሩን ነው። አንድ ለአንድ የሚል ሌንስ ነገሩን በእውነተኛ መጠኑ ሴንሰሩ ላይ ያሳርፋል፤ አንድ ለሁለት የሚለው በግማሹ፣ አንድ ለአራት የሚለው በሩቡ ነው። ለምሳሌ በርካሽነቱ ብዙ ሰው የሚገዛው የታምሮን 70-300 የማክሮ ማብሪያ አለው፤ ነገር ግን ከ95 ሳንቲ ሜትር ርቀት አንድ ለሁለት ድረስ ብቻ ነው የሚደርሰው። ይህ ለቢራቢሮ መልካም ነው፤ ለጉንዳን አይበቃም።

ነጋዴው ያቀረበልዎት መስታወት 0.45 የሚል ቁጥር የተጻፈበትና በ58 ሚሊ ሜትር ጥርስ የሚጠመደው ዓይነት እንደሆነ እገምታለሁ። ሁለት ቁራጭ ነው፤ የላይኛው ሰፊ የሚያደርግ፣ ከሥሩ የሚፈታው ደግሞ የሚያጎላ ነው ይባላል። ሁለቱም እንደ ስማቸው ይሠራሉ፤ ሰፊም ያደርጋሉ፣ ያጎላሉም። የሚያጠፉት ግን ከሚሰጡት ይበልጣል። መስታወቱ የቀለማትን መበታተን የሚያርም ጥንድ ስለሌለው የፎቶው መሐል ደህና ቢመስልም ወደ ጠርዙ ሲሄድ ቅጠሉና ድንጋዩ ይሟሟል፤ ሰማይና ገደል በሚገናኙበት መስመር ላይም ሐምራዊና አረንጓዴ ጥለት ይወጣል። ከዚህም በላይ የ18-55 አይኤስ 2 የፊት በርሜል ፎከስ ሲያደርግ የሚሽከረከርና የሚወጣ የሚገባ ነው። ያን ክብደት ሁልጊዜ እንዲሸከም የተሠራ አይደለም፤ ትንሿ ሞተር ትደክማለች።

አሁን ወደ ተራራው ልመለስ፤ ጓደኛዎ በቅንነት የሚሰጡዎት ምክር የብዙ ጀማሪዎች እምነት ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልመልሰው እወዳለሁ። ሰው ከጠርማ በር አፋፍ ላይ ቆሞ የቆላውን ስፋት ሲያይ ዓይኑ ያየውን ሁሉ አንድ ፍሬም ውስጥ ማስገባት ይመኛል፤ ለዚህም 10 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ሌንስ (ቁጥሩ ባነሰ መጠን እይታው ይሰፋል) ያስፈልገኛል ብሎ ያስባል። ነገር ግን ሌንስ በሰፋ ቁጥር ሩቅ ያለው ነገር ሁሉ ያንሳል። በዓይንዎ ግርማው የሚያስደነግጥዎት ተራራ በ10 ሚሊ ሜትር ሲነሳ ፎቶው መካከል ላይ የተጋደመ ቀጭን መስመር ሆኖ ይቀራል፤ የቀረውን ባዶ ሰማይና ባዶ መሬት ይሞላዋል። ሰፊ ሌንስ የሚጠቅመው አጠገብዎ የሚታይ ቁም ነገር ሲኖር ነው። በመንዝ ጓሳ አንድ ጅብራ በክንድ ርቀት ከፊትዎ ቢያቆሙ፣ ከጀርባው ሣሩና ኮረብታው እየራቀ ቢሄድ፣ ያን ጊዜ የካኖን 10-18 ዋጋው ይገባዋል፤ በ10 ሚሊ ሜትርና በኤፍ 8 (ኤፍ የአፐርቸሩ፣ ማለትም ብርሃን የሚገባበት የሌንሱ ቀዳዳ፣ መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ቀዳዳው ይጠባል) ከግማሽ ሜትር እስከ አድማስ ድረስ ሁሉም ጥርት ብሎ ሊወጣ ይችላል። ይህ ሌንስ በ2014 ሲወጣ በ299 ዶላር የተሸጠ፣ 240 ግራም ብቻ የሚመዝን፣ በዓይነቱ ርካሽ የሚባል ነው። አንድ ቀን ቢገዙት አይቆጩም፤ የእሱ ተራ ግን አሁን አይደለም።

የገደሉ እውነተኛ ውበት በብዛት የሚገኘው በተደራረቡት ሸንተረሮች ላይ ነው። ከአንኮበር ከፍታ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ አፋር ቆላ ሲመለከቱ፣ የፊተኛው ጋራ ጠቆር፣ የሚቀጥለው ሰማያዊ፣ የኋለኛው ደግሞ ከሰማዩ ሊለይ ጥቂት የቀረው ሆኖ ይታያል። እነዚህን ንብርብሮች ሰብስቦ አንዱን በሌላው ላይ የሚጭነው ጠበብ ያለ እይታ ነው። 60 ሚሊ ሜትር በእርስዎ ካሜራ ላይ፣ ሴንሰሩ ሙሉ ፍሬም ከሚባለው ትልቅ ሴንሰር 1.6 ጊዜ ስለሚያንስ፣ የ96 ሚሊ ሜትርን እይታ ይሰጣል፤ ይህም ለሸንተረርና ለብቸኛ ዛፍ፣ ገደል ጫፍ ላይ ለተሠራች ጎጆም የተመቸ ነው። የማክሮ ሌንሶች የጠፍጣፋ ነገርን ጠርዝ ከመሐሉ እኩል አጥርተው እንዲያሳዩ ተደርገው ስለሚሠሩ፣ ሩቅ ሲያነሱም ከዙም ሌንስዎ የበለጠ ጥራት ታያላችሁ፤ ተማሪዎችዎ ፎቶውን በትልቁ ሲያዩት ልዩነቱ ይገባቸዋል።

ሰፊውን እይታ በ18ቱ ያንሱት። 18-55 በርካሽ ስለተሸጠ ብዙዎች ይንቁታል፤ በኤፍ 8 ትራይፖድ ላይ ሆኖ ሲያነሳ ግን ከእሱ አራት እጥፍ ከሚከፈልባቸው ሌንሶች በዓይን ለመለየት የሚያስቸግር ፎቶ ይሰጣል። በ18 ሚሊ ሜትርና በኤፍ 8 ላይ ፎከሱን ከእርስዎ ሁለት ሜትር ገደማ በሚርቅ ድንጋይ ላይ ያድርጉ፤ ከአንድ ሜትር ጥቂት አለፍ ካለው ጀምሮ እስከ አድማሱ ያለው ሁሉ ተቀባይነት ባለው ጥራት ይወጣል። ተራራው ሩቅ ነው ብለው ፎከሱን በተራራው ላይ ካደረጉ ግን ፊት ያለው ሣር ይደበዝዛል። አፐርቸሩን ወደ ኤፍ 16ና ኤፍ 22 መዝጋትም አይረዳዎትም፤ በዚህ ሴንሰር ከኤፍ 11 በኋላ ብርሃኑ በጠባቡ ቀዳዳ ሲያልፍ ስለሚበተን ሁሉም ነገር በጥቂቱ ይለሰልሳል። ካሜራው ትራይፖድ ላይ ሲሆን የሌንሱን የንዝረት መከላከያ ያጥፉት፤ በሁለት ሰከንድ ቆጣሪ ያንሱ፤ ፎከሱንም በስክሪኑ ላይ አሥር እጥፍ አጉልተው በእጅ ያስተካክሉ።

18ቱ ጠበበብኝ የሚሉበት ቀን ከመጣም ሌንስ ሳይገዙ ማስፋት ይቻላል። ካሜራውን አቁመው፣ አፐርቸሩን፣ ሸተሩን (ብርሃን የሚገባበትን የጊዜ ርዝመት)፣ አይኤስኦውን (የሴንሰሩን ለብርሃን የመንቃት መጠን) እና የቀለም ሚዛኑን በአንድ ላይ አጽንተው፣ ከግራ ወደ ቀኝ አምስት ወይም ስድስት ፎቶ ያንሱ፤ እያንዳንዱ ከቀጣዩ ጋር ሲሶውን ይጋራ። ከዚያ ሀጊን በሚባለው ነጻ ፕሮግራም ይገጥሟቸዋል። በዚህ መንገድ የሚገኘው ፎቶ ከየትኛውም ሰፊ ሌንስ ፎቶ የበለጠ ዝርዝር ይይዛል፤ ተራራውም አያንስም። የሚያስቸግረው ሣሩ በነፋስ ሲወዛወዝና ደመናው ሲፈጥን ነው።

ለመልክዓ ምድር ከሌንስ ይልቅ ወሳኙ ብርሃኑ ነው። በአገራችን ፀሐይ ቀጥ ብላ ስለምትወጣ በአንድ ሰዓት ውስጥ 15 ዲግሪ ገደማ ትወጣለች፤ ስለዚህ ለስላሳው የጠዋት ብርሃን አይቆይም። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል አፋፉ ላይ መድረስ አለብዎት፤ ከ2 ሰዓት በኋላ የገደሉ ቅርጽ ጥላውን ስለሚያጣ ድንጋዩ ሁሉ አንድ ይመስላል። ክረምቱ እንዳበቃ በመስከረምና በጥቅምት አየሩ ታጥቦ ጥርት ይላል፤ በበጋው ማለቂያ ግን ከቆላው የሚነሳው አቧራ ሩቁን ይሸፍነዋል፤ ያን ጊዜ የትኛውም ውድ ሌንስ አይገልጠውም።

ስለ ማክሮ ሌንሶቹ ልቀጥል። ኢኤፍ-ኤስ 60 ከ2005 ጀምሮ የተሸጠ ነው፤ አንድ ለአንድ የሚያነሳው ከሴንሰሩ 20 ሳንቲ ሜትር ላይ ሲሆን፣ ከሌንሱ ጫፍ እስከ ንቧ ሲለካ ወደ 9 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይተርፋል። ፎከስ ሲያደርግ ርዝመቱ አይለወጥም፤ ፊቱም አይሽከረከርም። ከእሱ የሚበልጥ ርቀት የሚሰጠው በ2000 የወጣው ኢኤፍ 100 ሚሊ ሜትር ኤፍ 2.8 ማክሮ ዩኤስኤም ነው፤ አንድ ለአንድ ሲያነሳ ከሌንሱ ጫፍ 15 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይቀራል፤ ይህም ንብን ሳያስደነግጡ ለማንሳት ትልቅ ጥቅም ነው። ነገር ግን በእርስዎ ሴንሰር ላይ የ160 ሚሊ ሜትር እይታ ስለሚሆን ለመልክዓ ምድር ይጠብባል፤ በእጅ ሲይዙትም ይንቀጠቀጣል። የታምሮን 90 ማክሮ ከ1979 ጀምሮ በተለያየ ሞዴል ሲሠራ የቆየ፣ በጥራቱ የተመሰገነ ሌንስ ነው። ሦስቱም መልካም ናቸው፤ ተባይ ብቻ የሚያነሱ ቢሆን ኖሮ 100ውን እመክርዎት ነበር፤ ተራራውንም ስለሚፈልጉ ግን 60ው ይሻላል እላለሁ። በ2017 የወጣው ኢኤፍ-ኤስ 35 ማክሮ ርካሽና ቀላል ነው፤ ፊቱ ላይም የራሱ መብራት አለው። ይሁን እንጂ አንድ ለአንድ ለማንሳት ከሦስት ሳንቲ ሜትር እስከማይበልጥ ርቀት መጠጋትን ይጠይቃል፤ ንብ ይህን ያህል አትታገሥም።

እነዚህ ሌንሶች ያገለገሉ ሆነው በቀላሉ የሚገኙበት ምክንያት አለ። ካኖን በ2018 አርኤፍ የሚባለውን አዲስ የሌንስ አሠራር ካመጣ በኋላ ብዙ ባለሙያዎች ወደዚያ እየተሻገሩ የቆየውን ይሸጣሉ። ይህ ለእርስዎ መልካም ዕድል ነው። አንድ ቀን ካሜራዎን ወደ አዲሱ ቢቀይሩ እንኳ ኢኤፍና ኢኤፍ-ኤስ ሌንስ በአስማሚ ቀለበት ይሠራል፤ የዛሬው ገንዘብዎ አይባክንም። በተቃራኒው አርኤፍ ሌንስ በ2000ዲ ላይ ፈጽሞ አይገጥምም፤ ሻጭ አርኤፍ ካመጣልዎት ዋጋው ቢያጓጓም አይቀበሉ።

60ውም ከአቅም በላይ ከሆነ ሌላ መንገድ አለ፤ እኔ ሁለተኛ የማደርገው ይህን ነው። ኤክስቴንሽን ቲዩብ የሚባለው በካሜራውና በሌንሱ መካከል የሚገባ ባዶ ቀለበት ነው፤ ውስጡ መስታወት ስለሌለው የሚያበላሸው ነገር የለም። የሚጨምረውን ማጉላት ለማወቅ የቀለበቱን ርዝመት ለሌንሱ የትኩረት ርዝመት (ሌንሱ ላይ ለተጻፈው የሚሊ ሜትር ቁጥር) ያካፍሉ። ኬንኮ የሚባለው ኩባንያ ስብስብ 12፣ 20ና 36 ሚሊ ሜትር የሆኑ ሦስት ቀለበቶች አሉት። ርካሹን የካኖን 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ኤስቲኤም ቢገዙና 36ቱን ቢያስገቡበት፣ 36 ለ50 ሲካፈል 0.72 ነው፤ ሌንሱ በራሱ ያለው 0.21 ሲደመርበት 0.93 ይሆናል፤ አንድ ለአንድ ሊሞላ ትንሽ ቀረው ማለት ነው። 50ው ለሰው ፎቶና ለመልክዓ ምድርም ያገለግላል። የሚያጡት ሁለት ነገር ነው፤ አንደኛው ቀለበቱ እስካለ ድረስ ሩቅ ማንሳት አይቻልም፤ ሁለተኛው ነገሩ ከሌንሱ ጫፍ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ላይ ስለሚሆን የሌንሱ ጥላ ያርፍበታል። ቀለበት ሲገዙ የወርቅ ቀለም ያላቸው የኤሌክትሪክ መገናኛ ነጥቦች ያሉትን ብቻ ይግዙ። የካኖን ሌንስ አፐርቸሩን የሚዘጋው ካሜራው በሚልከው ትእዛዝ ስለሆነ መገናኛ በሌለው ቀለበት ኤፍ 8 ማለት አይቻልም። ቀለበቱን አሁን ባለዎት 18-55 ላይ የሚሞክሩ ከሆነም በ55ቱ በኩል ያድርጉት፤ በ18 ላይ ፎከሱ የሚያርፈው ከመስታወቱ ጋር ተጣብቆ ስለሆነ ምንም አይጠቅምም።

ምናልባት 55-250 ሌንስ ያለው ባልደረባ ካለዎት ደግሞ ሬይኖክስ ዲሲአር-250 የሚባለው ትንሽ መስታወት ይረዳል። ይህ ነጋዴው ካቀረበው ጋር የሚነጻጸር አይደለም፤ ቀለማትን የሚያርም ጥምር መስታወት ነው፤ ጉልበቱ 8 ዲዮፕተር (የመስታወት ጉልበት መለኪያ) ነው። በ250 ሚሊ ሜትር ላይ ሲገጠም ነገሩን ሁለት እጥፍ ያጎላል፤ ከንቧ ያለዎት ርቀትም ወደ 12 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ሌንስን ገልብጦ በቀለበት ማሰር የሚባለው ዘዴም አለ፤ ከሁሉም ርካሽ ነው፤ ነገር ግን የሌንሱ የኋላ መስታወት ለአቧራ ስለሚጋለጥ በሜዳ ላይ አልመክረውም።

የትኛውንም መንገድ ቢይዙ ማክሮ ላይ ሲደርሱ ጥራት የሚታይበት ውፍረት እጅግ ቀጭን መሆኑን ከአሁኑ ይወቁት። አንድ ለአንድ በኤፍ 8 ሲያነሱ ጥርት የሚለው ከግማሽ ሚሊ ሜትር ብዙም አይበልጥም። የንቧ ዓይን ጥርት ሲል ክንፏ ይደበዝዛል። ብርሃኑም ወደ ሩብ ይወርዳል፤ ካሜራው ኤፍ 8 ብሎ ቢያሳይዎትም የሚሠራው እንደ ኤፍ 16 ነው። ስለዚህ ኤፍ 8ን ወይም ኤፍ 11ን ይያዙ፤ አይኤስኦን እስከ 1600 ለመጨመር አይፍሩ፤ ሸተሩ ግን ከአንድ ሁለት መቶኛ ሰከንድ እንዳይዘገይ። ፎከሱን በቀለበቱ አንድ ለአንድ ላይ አቁመው ሰውነትዎን በትንሹ ወደፊትና ወደኋላ እያወዛወዙ ዓይኑ ጥርት ሲል ይጫኑ፤ አውቶማቲኩ በዚህ ርቀት ወዲያና ወዲህ ስለሚዋልል ዕድሉን ያስመልጥዎታል። ንብ ጠዋት ብርድ ላይ እያለች አትፈጥንም፤ ነፋሱም ገና አልተነሳም። የደብረ ብርሃን ብርድ በዚህ በኩል ይጠቅምዎታል። ፍላሽ ካስፈለገ የካሜራውን ፍላሽ በነጭ ወረቀት ይሸፍኑት፤ ብርሃኑ ለስለስ ይላል። አበባውን ግን ለፎቶ ብለው አይቅጠፉ፤ በጓሳ ሲያነሱም በማኅበረሰቡ የሚጠበቅ ቦታ ስለሆነ አስቀድመው ጽሕፈት ቤቱን ያነጋግሩ፤ ሣሩንም አይርገጡ።

ትራይፖድ ከሌለዎት ከሌንሱ ገንዘብ ላይ ጥቂት ቀንሰው ይግዙ፤ ሰፊ ሌንስ ከማሰብዎ በፊት የሚቀድመው እሱ ነው። ከባድና ቁመቱ አጭር የሆነው ከረጅምና ቀጭኑ ይሻላል። እስከዚያው በጨርቅ ከረጢት ሽምብራ ሞልተው ድንጋይ ላይ ቢያኖሩትና ካሜራውን ቢያሳርፉበት በመሬት ደረጃ ላለ አበባ ከትራይፖድ ይበልጥ ይመቻል። ፊልተር ከገዙም ፖላራይዘር ብቻ ይግዙ፤ የእርጥብ ቅጠልን ብልጭታ ያጠፋል። ለ18-55 የሚሆነውን 58 ሚሊ ሜትሩን ይውሰዱ፤ የ60ው ማክሮ አፍ 52 ስለሆነ በማስፋፊያ ቀለበት ለሁለቱም ይሆናል። በ18-55 አይኤስ 2 ላይ ፊቱ ስለሚዞር መጀመሪያ ፎከስ ያድርጉ፤ ፊልተሩን የሚያዞሩት ከዚያ በኋላ ነው።

ያገለገለ ሌንስ ሲገዙ ካሜራዎን ይዘው ይሂዱ። የስልክዎን መብራት በአንዱ ጫፍ አብርተው በሌላው ይመልከቱ። ጥቂት አቧራ አያሳስብም፤ እንደ ሸረሪት ድር ወይም እንደ ሥር ተቀጣጥሎ የሚታይ ነጭ ነገር ግን ሻጋታ ነው፤ ዋጋው በግማሽ ቢወርድም ይተዉት። አፐርቸሩን ኤፍ 16 ላይ አድርገው እያነሱ ቢላዎቹ ሳይጣበቁ እንደሚዘጉና ዘይት እንዳልነካቸው ይዩ። በቅርብም በሩቅም አውቶፎከሱን ይሞክሩ። ከዚያ የተዘረጋ ጋዜጣ ግድግዳ ላይ ለጥፈው ቀጥ ብለው በኤፍ 2.8 ያንሱ፤ አራቱን ማዕዘን አጉልተው ያወዳድሩ። አንዱ ማዕዘን ከሌሎቹ ይልቅ ከደበዘዘ ሌንሱ ወድቋል ወይም ተፈትቶ ተገጥሟል። ማስመሪያውንም አይርሱ፤ አንድ ለአንድ ነው ያሉዎት ሌንስ 22 ሚሊ ሜትር ገደማ ካላሳየ አንድ ለአንድ አይደለም። ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ የሚመጣ ዘመድ ካለዎት በዚያ ያሉ ያገለገለ ዕቃ የሚሸጡ መደብሮች ሌንሱን በደረጃ ለይተው፣ የመመለሻ ቀን ሰጥተው ስለሚሸጡ ከዚህ ገበያ የተሻለ ዋስትና ይገኛል፤ ይሁን እንጂ ሌንሱ እዚህ ከደረሰ በኋላ መመለስ ስለማይቻል ዘመድዎ እነዚህን ፈተናዎች እዚያው ሳሉ እንዲያደርጉልዎት ይጠይቁ።

የገዙትን ሌንስ በክረምቱ ጉም ውስጥ ይዘው ከወጡ ወደ ሞቀ ቤት ሲገቡ ቦርሳውን ወዲያውኑ አይክፈቱ፤ ሌንሱ እስኪሞቅ አንድ ሰዓት ያህል ይቆይ፤ አለበለዚያ እርጥበት ይቋጥርበታል። ከዚያ አየር በማያስገባ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ፣ በአዲስ ጫማና በመድኃኒት ጠርሙስ ውስጥ የሚገኙትን የሲሊካ ጄል ከረጢቶች ሰብስበው አብረው ያስቀምጡት፤ ከረጢቶቹ እርጥበት ሲጠግቡ አይሠሩምና በየጊዜው ይቀይሯቸው።